ሁለት ሰው ያተረፈው ሄልሜት

ቁልቁለቱ መሃል ላይ ዓለም ጨለመች።

ፀሐይ አልጠለቀችም፤ ገና ረፋድ ነበር። ሞተር ብስክሌቱ የመንገዱን ጉብታ ሲዘል ቀዩ ሄልሜት እንደሚፈላ ድስት ክዳን ብድግ አለ፤ ተመልሶ ሲያርፍ ግን ግንባር ላይ አልቆመም። ቅንድብ አለፈ፣ ዓይን አለፈ፣ መጥቶ አፍንጫ ላይ ተደላደለ። ሞተሩን የሚነዳው ጥርስ ሠሪ ከዚያ በኋላ ያየው ነገር ቢኖር እናቱ ለሄልሜቱ ውስጥ የሰፋችለትን ባለ አበባ ጨርቅ ብቻ ነው።

«ፍሬን! ፍሬን ያዝ!» አለች ሚስቱ ከኋላው፣ ጥፍሯን ጎኑ ላይ ተክላ።

ያዘ። ጎማው ጮኸ፣ ጡሩንባ ጮኸ፣ ሚስቱም ጮኸች። አንድ እጁን ከመሪው አላቆ ሄልሜቱን ወደ ላይ ሲገፋው፣ የዛገ ብረትና ጭቃ የለበሰ ታርጋ ፊቱ ተደቅኗል። የጭነት መኪና ኋላ ነው። እጁን ቢዘረጋ ይነካው ነበር። ትከሻው ላይ ያንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ የሰው መንጋጋ ልክ የተወሰደባቸው የጄሶ ቅርጾች እርስ በርስ ተፋጩ።

ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «አንተ! ዓይንህን ቤት ረስተኸው ነው የወጣኸው?»

ጥርስ ሠሪው ሞተሩን በእግሩ እየገፋ ዳር ያዘ።

ሚስቱ ወረደች። የራሷን ቢጫ ሄልሜት አልፈታችም። ስትቆጣ የምትጮህ ሴት ብትሆን ይሻለው ነበር፤ እሷ ግን ስትቆጣ ድምጿ ይወርዳል። ፊቱ ቆመችና ቀዩን ሄልሜት በሁለት እጇ ግራና ቀኝ ይዛ ወደ ጎን አዞረችው። ሄልሜቱ ዞረ። የሱ ፊት ግን እዚያው፣ ወደፊት እያየ ቀረ።

«አየኸው?» አለች። «ሄልሜቱ ጎረቤት ሊጠይቅ ሲሄድ አንተ ቤት ቀርተሃል።»

«ትንሽ ሰፋ ይላል እንጂ…»

«ደንበኞችህ 'ጥርሱ ትንሽ ሰፋ ይላል' ሲሉህ ምንድን ነው የምትላቸው?»

ምን እንደሚላቸው ሁለቱም ያውቁታል። የሚንቀሳቀስ ጥርስ ጥርስ አይደለም፣ አፍ ውስጥ የገባ ጠጠር ነው ይላቸዋል። አንድ ጄሶ ከእጁ ከወደቀ ደግሞ፣ ስንጥቅ ባይታይበትም እንኳ፣ አያምነውም፤ ይጥለዋል። ሰው አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ላይ የፀጉር ያህል ክፍተት አይምርም። የራሱን ጭንቅላት ግን ለቤተሰቡ አደራ ሰጥቶ ነበር።

የቤተሰቡ ነገር እንዲህ ነው። ቤቱ የትልቅ ራስ ቤት ነው። ሟቹ አባት ባርኔጣ በልኩ አግኝቶ አያውቅም፤ ታላቅ ወንድሙም እንደዚያው። ራስ ማለት አእምሮ፣ አእምሮ ማለት ደግሞ ራስ ነው ብለው ስለሚያምኑ፣ ትንሽ ራስ ይዘው የተወለዱትን ጥርስ ሠሪውንና ታናሽ እህቱን ሚጣን፣ ገና ያድጋሉ እያሉ ነበር ያሳደጓቸው። ሁለቱም ካደጉ ቆዩ። ራሳቸው ግን ባለበት ነው።

ቀዩን ሄልሜት መጀመሪያ የገዛው ታላቅ ወንድሙ ነው። መኪና ገጭቶት በአየር ላይ ተንሳፎ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ በአናቱ አረፈ፤ ብድግ ብሎም «ጫማዬስ?» አለ። ከዚያ ሄልሜቱ ወደ አጎታቸው ዞረ። አጎትየው ከነሞተሩ ቱቦ ውስጥ በአናቱ ገባ፤ ወጥቶም ቱቦውን ሲሳደብ ዋለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤተሰቡ ፍርድ አንድ ሆነ፤ ይሄ ሄልሜት ሁለት ሰው ያተረፈ ነው። ትራስና ፍራሽ የምትሰፋው እናታቸው ከእያንዳንዱ አደጋ በኋላ ውስጡን በአዲስ ጥጥና በአዲስ ጨርቅ ሸፈነችው። ለጥርስ ሠሪው ሲደርስ ደግሞ ትልቅ ስለሆነበት ሌላ ድርብ ጨመረች። ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ሲያስነሳ በሩ ላይ ቆማ መዳፏን ሄልሜቱ አናት ላይ ታሳርፋለች። አትናገርም። ካሳረፈች በኋላ ነው የሚሄደው።

«ከዚህ ሄልሜት ኋላ ሁለተኛ አልቀመጥም» አለች ሚስቱ። «አንተም አታደርገውም።»

«እማዬ ምን ትላለች?»

«ሐዘን ከምትቀመጥ ብትቀየምህ ይሻላታል። ዛሬውኑ ንገራት።»

«እነግራታለሁ» አለ ጥርስ ሠሪው፣ እንደማይነግራት እያወቀ።

የሄልሜት ሱቁን ያሳየችው ሚስቱ ናት፤ ቤተሰቡ «እንቁላሉ» እያለ የሚስቅበትን ቢጫ ሄልሜቷን የገዛችበት። ጠባብ ቤት ነው፤ ሄልሜቶቹ ከጣሪያ እስከ ወለል ተደርድረው ዓይን እንደሌላቸው ሰዎች ያፈጣሉ። ሻጩ ደልደል ያለ፣ ነገር የቸኮለበት ሰው ነው። ቀድሞ ጫማ ይሸጥ ነበር።

«ጫማ ስሸጥ ሰው ተቀምጦ፣ ቆሞ፣ ተራምዶ ነበር የሚገዛው» አለ የልብስ ሜትሩን እየዘረጋ። «ሄልሜት ሲሆን ግን 'ቀዩን አውርድልኝ' ብሎ አንጠልጥሎ ይሄዳል። ቀና በል።»

ሜትሩን ከቅንድቡ ከፍ፣ ከጆሮው ከፍ አድርጎ ከኋላ ራሱ ጎበጥ ያለበት ላይ አዞረው። ቁጥሩን አየና ከታችኛው መደርደሪያ ጎንበስ ብሎ አንዱን አወጣ።

«ከዚያ ከትልቁ…» አለ ጥርስ ሠሪው።

«ትልቁ ምን ያደርግልሃል?»

«የኛ ቤት ራስ ትልቅ ነው።»

«ቤትህን አልለካሁም፣ ወንድሜ። የለካሁት አንተን ነው።»

ማሰሪያውን ግራና ቀኝ ለጥጦ ሄልሜቱን አጠለቀለት። ጆሮውን እየላጠ ገባ። ጉንጮቹ ወደ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ከንፈሩ እንደ ዓሣ ሾለ። ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ጠበበኝ።»

«ምንህ ላይ?»

«ጉንጬ ላይ።»

«ጉንጭ ላይ ይጥበብ፤ ስፖንጁ ይለምድሃል። ግንባርህንስ ያምሃል? የሚወጋህ ቦታ አለ?»

«የለም።»

ሻጩ ሄልሜቱን ይዞ ግራና ቀኝ ነቀነቀው። ሄልሜቱ ሲሄድ የግንባሩ ቆዳ አብሮ ሄደ፣ ጉንጩ አብሮ ሄደ፣ እሱ ራሱ አብሮ ሄደ። ማሰሪያውን አገጩ ሥር ጠበቅ አድርጎ ቆለፈና «አፍህን ክፈት» አለው፤ ሲከፍት ሄልሜቱ ከላይ ጫን ሲለው ተሰማው። ከዚያ ከኋላ መጣና የታችኛውን ጠርዝ ይዞ ወደ ፊት ሊያወልቀው ታገለ። ጥርስ ሠሪው አንገቱን ደፋ እንጂ ሄልሜቱ ወይ ፍንክች።

«በል እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ በል፤ ሳታወልቅ። ከቆየህ በኋላ ግንባርህ ላይ ቀይ ምልክት ካገኘሁ ቅርጹ ያንተ አይደለም ማለት ነው፣ ሌላ እንሞክራለን።»

ጥርስ ሠሪው እንደ ዓሣ አፉን አሹሎ ተቀመጠ። አንድ ነገር ውስጡን ይከነክነው ጀመር። ይሄንኑ ነው እኮ እሱ በየቀኑ የሚያደርገው! አስነክሶ፣ ተጭኖ፣ አስቀምጦ፣ ድድ ላይ ቀይ ምልክት መፈለግ። ሐፍረትና ደስታ ባንድ ላይ መጡበት፤ በተጨመቀ ጉንጭ ሁለቱንም ማሳየት ግን አይቻልም።

ምልክት አልተገኘም። ሲያወልቀው ከቦርሳው አሮጌውን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሻጩ እጁን ውስጡ ከቶ ጥጡን ጫን ጫን አደረገ።

«ወድቋል?»

«ሁለት ሰው አትርፏል።»

«እንግዲያው ሥራውን ጨርሷል፤ ጡረታ ይውጣ።» የአዲሱን ስፖንጅ ገለጥ አድርጎ ከሥሩ ያለውን ነጭ ጠጣር ፎም አሳየው፤ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን የሚመስል። «ምቱን የሚበላው ይሄ ነው። አንዴ ከተሰባበረ ተሰባበረ፤ አያገግምም። ያንተን ግን በምን ልየው? እንዲህ አድርጎ የሰፋው ማነው? ስፌቱስ ያምራል።»

«እናቴ ናት።»

«ፍታውና እየው።»

የእናቱን ስፌት ሊፈታ? እጁ አልታዘዘውም። አሮጌውን ወደ ቦርሳው መለሰና «ቀይ አለህ?» አለ።

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ገባት። «እንዳታደርገው» አለች።

አደረገው። ሻጩ ቤንዚንና የቀለም ማቅጠኛ እንዳታስነካው፣ ቅርፊቱን ይበላዋል ስላለው ቀለም አልቀባም። ግቢው ውስጥ መንገድ ዳር ያለችውን የሥራ ክፍሉን ዘግቶ አሮጌውን ፊት ለፊቱ አስቀመጠ፤ አናቱ ላይ ያለውን ነጭ መስመር በነጭ ፕላስተር፣ የወንድሙን ጭረት በግራጫ ሰም፣ የአጎቱን ጭረት በጠቆር ያለ ሰም አዲሱ ላይ አስመስሎ ሠራ። ለሰው የፊት ጥርስ ሲያበጅ እንኳ እንዲህ አልተጠበበም።

«እውነቱን መናገር ከዚህ ይቀልህ ነበር» አለች ሚስቱ በሩን ተደግፋ።

«ዝም በይ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

አሮጌውን መጣል አልቻለም። ሊሰብረውም አልደፈረም። ጥግ የቆመው የጄሶ ጆንያ ውስጥ ቀበረው።

በማግስቱ ጠዋት እናቱ በሩ ላይ ቆማ መዳፏን አዲሱ ሄልሜት ላይ አሳረፈች። መዳፏ ከወትሮው ቆየ።

«ቀዘቀዘኝ» አለች።

«ጠዋት ነው እማዬ፣ ብርድ ነው።»

«አይሰፋህም? አምጣው ከኋላ ትንሽ ጥጥ ልጨምርልህ።»

«ልክ ነው! ረፍዶብኛል!» አለና ፈተለከ። ቁልቁለቱ ላይ ጉብታውን ሲዘል ዓለም እንደበራች ቀረች። ሄልሜቱ ራሱ ላይ መኖሩን ረሳው። ይሄን ያህል ቀላል ከሆነ፣ አለ በሆዱ፣ ምን አስጨነቀኝ?

ጭንቁ የመጣው በዕረፍት ቀን ነው። ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ታላቅ ወንድሙ ያንን አደጋ የመተረክ ልማድ አለው፤ ሲተርክ ደግሞ ሄልሜቱን አጥልቆ ነው።

«በል አምጣት እስቲ ያቺን ጀግና» አለ መዳፉን እያፋተገ።

ጥርስ ሠሪው አዲሱ ሄልሜት በወንድሙ ራስ ላይ ሊገባ ሲታገል በዓይነ ሕሊናው ታየው። «ጋሼ፣ ሥራ ቦታ ረስቼው…»

«ሥራ ቦታህ እዚህ ግቢ ውስጥ አይደል እንዴ?»

«ክሊኒክ። ጥርስ ያስረከብኩበት ክሊኒክ ረስቼው ነው የመጣሁት።»

«ያለ ሄልሜት ነው የመጣኸው?» አለች እናቱ፣ መርፌዋን አየር ላይ አቁማ።

ሚስቱ ጣሪያውን ትቆጥር ጀመር። ያተረፈችው ሚጣ ናት፤ ሳታውቀው።

«እኔም እኮ ወሬ አለኝ» አለች። «ሥራ ገባሁ። መድኃኒት ማከፋፈያ። በሞተር ላደርስ ነው፤ ሞተሩን ሰጥተውኛል።»

እናትየው መርፌዋን ትራሱ ላይ ሰካች። «በሞተር? ምን አድርገሽ?»

«ሄልሜት ይሰጡኛል፣ እማዬ።»

«የማንንም ራስ የማያውቅ ሄልሜት! እኛ ያለን ያተረፈ አንድ ነው፤ እሱም ወንድምሽ ራስ ላይ ነው። አይሆንም።»

ያን ጊዜ ነበር መናገር የነበረበት። ሚስቱ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። አፉን ከፈተ። ወንድሙ ግን ያለ ሄልሜትም ትረካውን ጀምሮ «ጫማዬስ?» የሚለው ቦታ ላይ ደርሶ ነበርና ሁሉም ከት ብለው ሳቁ፤ አፉን ዘጋ።

ሚጣ የእናቷ «አይሆንም» ሳያግዳት ሥራ በምትጀምርበት ቀን ጥርስ ሠሪው ማልዶ ወጥቶ ነበር። አንዲት አሮጊት ጥርስ አስሞክሮ፣ ነክሳ፣ ስቃ፣ መርቃው ሲመለስ እናቱ በሩ ላይ ቆማለች። ፊቷ ወለል ብሏል። እጇን ዘርግታ ተቀበለችው፤ መዳፏ ነጭ ነው። እስከ አንጓዋ ድረስ ነጭ።

ሞተሩን ሳያጠፋ እጇን አየ።

«እማዬ… እጅሽ ምን ነካው?»

«አትደብቀኝ ልጄ፣ አገኘሁት» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እኔ እንኳ ጄሶ ቆንጥሬ የግድግዳዬን ቀዳዳ ልደፍን ነበር የገባሁት። ለእህትህ ብለህ ከራስህ አውርደህ ደበቅክላት! ለራስህ የማያውቅህን ገዝተህ! እኔ ደግሞ ቀዝቃዛው ሄልሜት ምንድን ነው እያልኩ…»

«የት አለ?»

«የሚጣም ራስ እንዳንተው ትንሽ ነው፤ ሦስት ድርብ ጥጥ ጨምሬ ሰፋሁላት። አሁን ወጣች፤ በቁልቁለቱ። ትንሽ ብትቀድም ትደርስባት ነበር።»

መናገር ፈለገ። እናቱ ነጭ መዳፏን ልታሳርፍበት እጇን ስታነሳ እሱ ሞተሩን አዙሮ ሄዷል።

ቁልቁለቱ አናት ላይ አያት። ከአንድ ሚኒባስ ኋላ፣ ቀዩ ሄልሜት፣ አናቱ ላይ የእናቱ ነጭ የእጅ አሻራ፤ አምስቱም ጣት። ሲታይ ልክ እናቱ ራሷን ይዛ አብራት የምትሄድ ይመስላል። ሄልሜቱ ግን ወዲያ ወዲህ ይላል። ሚጣ አንድ እጇን ከመሪው አነሳች፤ ገፋ አደረገችው። ያንን እንቅስቃሴ ያውቀዋል። እሱም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።

ጡሩንባውን ነፋ። ሚጣ በመስታወቷ አየችው፤ ያው ቀይ ሄልሜት፣ ያው ነጭ መስመር፣ ወንድሟ። እጇን አወዛወዘችለት። ሁለተኛ ሲነፋ፣ እሽቅድምድም አማረው ብላ ነዳጅ ሰጠች።

«ሚጣ! ቁሚ! ቁሚ አልኩሽ!»

ነፋሱ ድምፁን ወደ አፉ መለሰው። ሚኒባሱን ቀደመች። እሱ ሊከተል ሲል ሚኒባሱ ተሳፋሪ ሊያወርድ ፊቱ ገባ፤ በጎን ሾለከ፤ ረዳቱ የሰደበውን ስድብ አልሰማም። ከፊት ጉብታው አለ። ከጉብታው በታች አደባባዩ። አደባባዩን የሚዞሩት የጭነት መኪናዎች።

ጉብታውን ዘለለች።

ሄልሜቱ ብድግ አለ፤ ወረደ። የእናቱ አሻራ ከሚጣ አናት ወደ ሚጣ ፊት ዞረ። ሞተሩ እንደ ሰካራም ግራ ቀኝ ረገጠ፤ ፍሬን ያዘች፤ ኋላ ጎማው ከዳት። መንገድ ዳር አንዱ ለቤት መሥሪያ ያስደፋው የአሸዋ ክምር ነበር። ሞተሩ እዚያ ላይ ወጣ፣ ሚጣ ከሞተሩ ላይ ወጣች፣ ሄልሜቱ ደግሞ ከሚጣ ላይ።

ጥርስ ሠሪው ሞተሩን እንዴት እንዳቆመ አያውቅም። ሲደርስ ሚጣ አሸዋ ላይ በቂጧ ተቀምጣ ጉልበቷን ይዛለች። ፀጉሯ ውስጥ አሸዋ እንጂ ደም የለም።

«አለሁ» አለች። «አለሁ። ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው?»

«አላለቀስኩም።»

«ታዲያ ፊትህ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ከታች፣ አደባባዩ ጠርዝ ላይ፣ ቀዩ ሄልሜት ተንከባሎ ተንከባሎ ቆሟል። ሄዶ አነሳው። ማሰሪያው እንደተቆለፈ ነው። ሚጣ በሥርዓቱ ቆልፋዋለች፤ ሄልሜቱ ማሰሪያውን ሳይፈታ፣ ራሷን ትቶ ሄዷል።

የራሱን አውልቆ ለሚጣ አጠለቀላት። ጉንጯ ተሰበሰበ፤ ከንፈሯ ሾለ። ነቀነቀው፤ ራሷ አብሮ ተነቃነቀ። ሞተሮቹን እየገፉ ዳገቱን ወጡ።

ወሬው ቀድሟቸው ነበር። ታላቅ ወንድሙ በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ጠበቃቸው። የሚጣን ጉልበት አየ፣ ራሷን አየ፣ ጥርስ ሠሪው ብብት ሥር ያለውን ሄልሜት አየ።

«ሦስት!» አለ እየጮኸ። «ሦስተኛ ሰው አተረፈች! አላልኳችሁም? ይቺ ሄልሜት እኮ…»

እናትየው ሚጣን አቅፋ፣ ዳስሳ፣ ሳመች። ከዚያ እጇን ወደ ጥርስ ሠሪው ዘረጋች። «አምጣው። ተጎድቷል፤ ሌላ ጥጥ ልጨምርበት።»

ጥርስ ሠሪው አልሰጣትም። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። በዚህ ጊዜ እግሩን የሚረግጠው ሰው አልነበረም።

«መቀስ ስጪኝ፣ እማዬ።»

«ለምንህ?»

«ልፈታው ነው።»

«እኔ የሰፋሁትን?» አለች እናቱ።

«አንተ ልጅ፣ ጤናም የለህ!» አለ ወንድሙ። «ዛሬ እህትህን ያተረፈ…»

«ያተረፋት አሸዋው ነው፣ ጋሼ! ሄልሜቱማ ጥሏት ነው የሄደው። እነሆ፣ ማሰሪያው እንደተቆለፈ!» ድምፁ ተሰበረ። «እኔንም ይጥለኝ ነበር። ለሚጣ ብዬ አይደለም ያወለቅኩት፣ እማዬ። ፈርቼ ነው። ላንቺ መናገርም ፈርቼ ነው የደበቅኩት። ይሄን እዩ።» ከሚጣ ራስ ላይ አዲሱን ወስዶ ነጩን ፕላስተር ገሸለጠው። በጥፍሩ የወንድሙን ጭረት ፋቀው፤ ሰሙ ተጠቅልሎ ወደቀ።

ወንድሙ ዓይኑን ማመን አቅቶት ሄልሜቱን ነጠቀውና ራሱ ላይ ጫነው። ከግንባሩ አላለፈም። አናቱ ላይ እንደ ሲኒ ጉብ ብሎ ቀረ። ማንም አልሳቀም፤ ሊስቅ የሚገባው ነገር ግን ነበር።

እናትየው ወለሉ ላይ የወደቀውን ሰም አንስታ በጣቷ አደቀቀችው። ከዚያ መቀሷን ከልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ አነሳች።

«አምጣው» አለች። «የሰፋሁትን የምፈታ እኔ ነኝ።»

አሮጌውን ጭኗ ላይ ገለበጠችው። የዛሬውን ስፌት ፈታች፤ ጥጡ እንደ ጉም ወጣ። ባለ አበባውን ፈታች። ከሥሩ የአጎትየው ጨርቅ ነበር፣ ከዚያ በታች የበኩር ልጇ ጨርቅ። ክሩን አንድ በአንድ እየበጠሰች ወረደች፤ መቀሱ ሲነክስ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነበር። መጨረሻ ላይ ነጩ ፎም ወጣ።

ከኋላ በኩል ተጨፍልቆ፣ ተሰንጥቆ ነበር። ጣቷን ብትከት ገባላት። ሄልሜቱን ወደ መስኮቱ አነሳችው፤ ጭረት ብቻ ይመስል በነበረው የቅርፊቱ ስንጥቅ በኩል ከውጭ እንደ ክር የቀጠነ ብርሃን ገባ።

«ይሄ የማን ነው?» አለች።

ታላቅ ወንድሙ እጁን ማጅራቱ ላይ አሳረፈ። ሲናገር የተራኪነቱ ድምፅ ጠፍቶ ነበር። «የኔ ነው።»

«ይሄ የጎኑስ?»

«የአጎቴ።»

ዙሪያውን በጣቷ ዳሰሰች። «እኔ ነኝ የሸፈንኩት» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ቀና ብላ ሚጣን አየቻት። «ላንቺ የቀረ ቦታ የለውም እኮ።»

መቀሱን አነሳችና የአገጩን ማሰሪያ ከሥሩ ቆረጠችው። ግራውን። ቀኙን። ማንም አንስቶ እንዳያጠልቀው።

«ያ የሄልሜት ሱቅ ዛሬ ክፍት ነው?» አለች።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ የሚቆመው ሰልፍ ነው፤ ጥርስ ሠሪው በቀዩ፣ ሚጣ በሰማያዊ፣ ሚስቱ በእንቁላሏ። ታላቅ ወንድሙም ከሱቁ ትልቁን አስለክቶ ገዝቷል፤ ትልቁ መሆኑን ለሁሉም ተናግሯል። እናትየው መዳፏን አናት ላይ ማሳረፍ ትታለች። ሄልሜቱን በሁለት እጇ ግራና ቀኝ ይዛ፣ ትራስ እንደምታደላድል፣ ትነቀንቀዋለች። ጥርስ ሠሪው በተሰበሰበ ጉንጩ «ረፈደብኝ እማዬ!» ይላል።

አትሰማውም። ራሱ ከሄልሜቱ ጋር አብሮ ሲሄድ በዓይኗ ካላየች አትለቀውም።